ሪኮመንዴሽኑ የሚጻፈው በሁለተኛ ዓመት ነው

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሆኗል። አንኳክቶ ገባና በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ቲቸር፣ ሪኮመንዴሽን ፈልጌ ነበር» አለኝ።

«መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ዛሬ ማታ።»

ልጁን አውቀዋለሁ ለማለት ይከብደኛል። ዳታ ስትራክቸር አስተምሬዋለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ውጤቱን ከፍቼ አየሁ፤ ኤ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው። እኔ ግን ስለ እሱ ልጽፍ የምችለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነብኝ፦ ኮርሱን ወስዶ ኤ አግኝቷል። ይህን ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ይናገራል። ባዶ እጁን አልሸኘሁትም፣ ጻፍኩለት። ደብዳቤው ደካማ እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያን ቀን ማታ አራት ኪሎ ሐውልቱ አካባቢ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ አንጀቴ አረረ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ታናናሾች ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህርት ነኝ። ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ ግቢ አስተምራለሁ። የአንድ ባች አካዳሚክ አድቫይዘርም ነኝ። በየሴሚስተሩ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው፦ ስኮላርሺፕ፣ ኢንተርንሺፕ፣ የመውጫ ፈተናው ኤግዚት፣ ሪኮመንዴሽን። ስለዚህ ለተማሪዎቼ በቃል የምነግራቸውን እዚህ አስቀመጥኩት።

ከአድቫይዘር ጋር እንዴት ይኬዳል

ለብዙ ተማሪ አድቫይዘር ማለት ስሊፕ የሚፈርም ሰው ነው። ሬጅስትሬሽን ሲደርስ ብቻ ይፈለጋል። አሁን ምዝገባው ኦንላይን እየሆነ ሲመጣ ደግሞ ያቺም ቀርታለች። አራት ዓመት ተምረው ሲመረቁ አድቫይዘራቸው ማን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች አሉ።

እንዲህ አድርጉ። ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ቀን ሂዱ። ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ እስካሁን ያላችሁን ግሬድ። ሁለተኛ፣ የፕሮግራማችሁን የኮርስ ዝርዝር፤ የጨረሳችሁት ላይ ምልክት አድርጉበት። ሦስተኛ፣ አንድ ጥያቄ። ጥያቄው ትንሽ ቢሆን ግድ የለም። «ይህን ኢሌክቲቭ ልውሰድ ወይስ ያንን?» በቂ ነው። አድቫይዘሩ ዝርዝሩን ሲያይ እናንተ ያላያችሁት ነገር ይታየዋል።

በተለይ ፕሪሪኩዚት፣ ማለትም አስቀድሞ መታለፍ ያለበት ኮርስ። ፕሮግራሚንግ ያላለፈ ዳታ ስትራክቸር አይወስድም። ዳታ ስትራክቸር ያላለፈ አልጎሪዝም አናሊስስ አይወስድም። ብዙ ኮርሶች ደግሞ የሚሰጡት በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ አንድ ኤፍ የሚያስከፍላችሁ አንድ ኮርስ ሳይሆን አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። ይህን ወረቀት ላይ በቀስት ስሉት። ቀስቱን ስታዩ የትኛው ኮርስ ላይ መጨከን እንዳለባችሁ ይገባችኋል።

እና ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ። ሚድ ከተመለሰ በኋላ ኑ። አንዲት ተማሪ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሚድ ላይ ከ30 ስድስት አመጣች። ክላስ መቅረት ጀመረች። ጓደኛዋ እጇን ይዛ አመጣችልኝ። ፊቷ ጠቁሯል። እርሳስ አንስተን አሰላነው። ፕሮጀክትና ኩዊዝ 20፣ ፋይናል 50 ነው። ገና 70 አልተነካም። ፕሮጀክቱን አጥብቃ ከያዘች ከ20ው 16 ታገኛለች። 50 ለመድረስ ፋይናሉ ላይ የሚያስፈልጋት 28 ብቻ ነው። «28?» አለች። «28» አልኳት። ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጽፋ ሄደች። ኮርሱን አለፈች። ቁጥሩ ባይሞላ ኖሮ ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ ኮርሱን ተዪው፣ ድሮፕ አድርጊ እላት ነበር። ድሮፕ ማድረግ ውርደት አይደለም። ቀኑ ካለፈ ግን ማንም ሊረዳችሁ አይችልም፣ አድቫይዘርም ቢሆን።

ሌላም አለ። ችግራችሁ የትምህርት ላይሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ሕመም፣ የገንዘብ ችግር፣ እንቅልፍ ማጣት ይኖራል። ዝርዝሩን መናገር የለባችሁም። «ቤት ችግር አለ» ካላችሁ ይበቃል። ከፈተና ከቀራችሁ በኋላ ከምታመጡት የሐኪም ወረቀት ይልቅ አስቀድማችሁ የተናገራችኋት አንዲት ቃል ትረዳናለች። ሕጋዊ ፈቃድ ወስዶ ማቋረጥ የሚባል መንገድም አለ። ዝም ብሎ ከመጥፋት በብዙ ይሻላል። የማቋረጫውን ፎርም፣ ዊዝድሮዋል፣ ሞልቶ የሄደ ተማሪ ይመለሳል፤ ዝም ብሎ የጠፋ ግን ሲመለስ መከራውን ያያል።

መምህር እንዴት ያውቃችኋል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከክላስ በኋላ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ጥያቄዋ ስለ ኮርሱ አልነበረም። ለአባቷ ሱቅ የዱቤ ደንበኞችን ስም በኤክሴል ትይዝላቸዋለች። «ፀሐይ» ብላ ስትፈልግ አንዷ ደንበኛ ትመጣለች፣ ሌላዋ አትመጣም። ሁለተኛዋ የተጻፈችው «ጸሀይ» ተብላ ነው።

«ቲቸር፣ ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ነው» አለችኝ።

ወረቀት አውጥተን ቆጠርን። «ጸ» ሁለት ዓይነት ነው። «ሀ» ሦስት ዓይነት ነው። ሁለት በሦስት፣ ስድስት። «ሃ»፣ «ሓ» እና «ኃ» ድምፃቸው ያው ስለሆነ እነሱን ስንጨምር 12። አንዲት ፀሐይ በ12 መልክ ልትጻፍ ትችላለች። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። ኮምፒውተሩ የሚያወዳድረው ቁጥር ነው፤ «ፀ» እና «ጸ» ለአንድ ድምፅ የቆሙ መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። በፓይተን አጭር ኮድ ጽፋለች። ሞክሼ ሆሄያትን ሁሉ ወደ አንድ ይመልሳቸዋል። ደስ ብሏታል። እኔም ደስ አለኝ። ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። «ሠረቀ» እና «ሰረቀ»ስ? አንዱ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ሠረቀች እንደምንለው። ሌላው ሌብነት ነው። ኮድሽ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ዝም አለች። ደብተሯን አወጣች። መቼ ማዋሐድ፣ መቼ መተው እንዳለባት ማሰብ ጀመረች። ምርምር ማለት ይኸው ነው። የጀመረው ከዱቤ መዝገብ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ማሳካኔ ነገርኳት። ማሳካኔ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ለኮምፒውተር ለማብቃት በራሳቸው ተነሳሽነት የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበረሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞችን ከጽሑፍ ለይቶ ለማውጣት የሚያገለግል ዳታ በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች አዘጋጅተዋል፤ አማርኛ አንዱ ነው። ለመሳተፍ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። አማርኛ ማወቅና በትዕግሥት ዳታ መለየት ትልቅ ሥራ ነው። ተማሪዋም ገባችበት። አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክቷ በአማርኛ ጽሑፍ ፍለጋ ላይ ሆነ።

ሪኮመንዴሽን ልትጠይቀኝ ስትመጣ ቀና ሳልል ነው የጻፍኩት። ገጽ ተኩል ሞላ። የዱቤ መዝገቡን ጻፍኩ። «ሠረቀ»ን ጻፍኩ። ዝም ብላ ደብተሯን ያወጣችበትን ደቂቃ ጻፍኩ። ግሬዷን ለመጥቀስ ቦታ አልቀረኝም ማለት ይቻላል።

ልብ በሉ፣ የዚህች ልጅ ግሬድ መጀመሪያ ላይ ከነገርኳችሁ ልጅ ግሬድ ያነሰ ነበር።

መምህር እንዲያውቃችሁ ማሽቃበጥ አያስፈልግም። መምህር ማሽቃበጥን ከሩቅ ይለያል። የሚያስፈልገው ሥራ ይዞ መቅረብ ነው። «አልገባኝም» ብላችሁ አትምጡ። «እስከዚህ ገብቶኛል፣ ይህን ሞክሬያለሁ፣ እዚህ ላይ ተይዣለሁ» በሉ። ኮዳችሁን አሳዩ። ላብ ላይ ለጓደኞቻችሁ የምታስረዱ ከሆነ መምህሩ ያያል። በሴሚስተር ሁለቴ በቂ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መምህራን በደንብ ካወቋችሁ ከበቂ በላይ ነው።

ደብዳቤውን እንዴት እንጠይቅ

ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠይቁ። ስትጠይቁ እንዲህ በሉ፦ «ስለ እኔ ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ጠንካራ የምትለዋን ቃል አትርሱ። መምህሩ ካመነታ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። ያ ማመንታት ለእናንተ ውለታ ነው።

እሺ ካለ በአንድ ኢሜይል አምስት ነገር ላኩለት፦ የፕሮግራሙ ስምና ማስፈንጠሪያ፣ የመጨረሻ ቀን፣ አንድ ገጽ ሲቪ፣ ለምን እንደምታመለክቱ የጻፋችሁበት ስቴትመንታችሁ፣ እና እሱ ክላስ ውስጥ ስለሠራችሁት ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። የመጨረሻው በጣም ይጠቅማል። በዓመት ስንት ተማሪ እንደምናስተምር አስቡት። «ሁለተኛ ዓመት ላይ የሠራሁት የቤተ መጻሕፍት ሲስተም፣ ያ ዲፈንሱ ላይ መብራት የጠፋብን» ስትሉኝ ወዲያው ይመጣልኛል።

የብዙ ውጭ ፕሮግራሞች ሲስተም ለመምህሩ በቀጥታ ማስፈንጠሪያ ይልካል። የመምህሩን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ስጡ፣ የጂሜይል አይደለም። ከላካችሁ በኋላ «ስፓም ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን ይዩልኝ» ብላችሁ አስታውሱት። አይከፋንም። ቀኑ አምስት ቀን ሲቀረውም በድጋሚ አስታውሱት።

ማዕረግ አትምረጡ። ዲን ወይም ፕሮፌሰር ስለሆነ ብቻ የማያውቃችሁን ሰው አትለምኑ። የላብ ረዳት ቢሆንም የሚያውቃችሁ ሰው የጻፈው ይበልጣል። «ጽፈሽ አምጪና እፈርማለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌላ ሰው ፈልጉ እላለሁ። ይህ ልማድ እኛ ዘንድ የተለመደ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ተማሪ ስለራሱ ሲጽፍ ወይ ያጋንናል ወይ ያፍራል። አንባቢው ደግሞ ይለያል። በዚያ ላይ ትክክል አይደለም።

ምን ምን አለ

አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ላይ መሠረት ያዙ። የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 የተጀመረ ነው። ኮርሶቹ በነፃ፣ በኦንላይን ይሰጣሉ፤ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታና ኤአይ ይነካል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ለሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ግን ይቀልላል፤ ሰርተፊኬቱን ሲቪ ላይ አናት ላይ አታስቀምጡት።

የአልጎሪዝም ፍቅር ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ዓለም አቀፍ የፕሮግራሚንግ ውድድር፣ አይሲፒሲን፣ ሞክሩ። ሦስት ልጅ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሰዓት። ኪቦርዱን ማን ይያዝ የሚለው ራሱ ትምህርት ነው። ኤቱኤስቪን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ተማሪዎችን በነፃ ለትላልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ኢንተርቪው የሚያዘጋጅ ነው። ሥልጠናው ከባድ ነው፣ ጊዜ ይበላል። ከመግባታችሁ በፊት የዚያን ሴሚስተር የኮርስ ጭነት ከአድቫይዘራችሁ ጋር እዩ። ሁለቱንም ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ግን ሳያቅዱ አይቻልም።

ሦስተኛ ዓመት የኢንተርንሺፕ ዓመት ነው። የትብብር ደብዳቤ ከዲፓርትመንት ጠይቁ። ሚያዝያ ላይ ጠይቁ እንጂ ሰኔ መጨረሻ ላይ አይደለም። ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው ደብዳቤ ይዞ በየባንኩ አይቲ ክፍል ይሰለፋል። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለ። አይኮግ ላብስ አለ፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ አዲስ አበባ በኤአይ ላይ የሚሠራ ነው። ሴኩሪቲ የምትወዱ የኢንሳን የሳይበር ታለንት ቻሌንጅ ማስታወቂያ ተከታተሉ። እኔ የምመክረው ግን የድርጅቱን ስም ከማየት በፊት «ማን ነው የሚያየኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኮዳችሁን የሚያነብላችሁ አንድ ሲኒየር ያለበት ትንሽ ቢሮ፣ ሁለት ወር ሙሉ ፕሪንተር ከምታስተካክሉበት ትልቅ ሕንፃ ይበልጣል።

ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩም አሉ። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር፣ በኦፕን ሶርስ፣ ላይ እየሠሩ የሚማሩበት ነው። 18 ዓመት የሞላውና ለኦፕን ሶርስ አዲስ የሆነ ሰው ማመልከት ይችላል። ድርጅቶቹ የሚታወቁት የካቲት አካባቢ ነው። የማመልከቻው ቀን እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ትንንሽ ስሕተት አርማችሁ ስማችሁን ይወቁት። እዚህም ነገሩ ያው ነው፣ የሚያውቃችሁ ሰው ይኑር። አውትሪቺ የሚባለው የኦፕን ሶርስ ኢንተርንሺፕ ደግሞ ለሦስት ወር 7,000 ዶላር ይከፍላል። በዓመት ሁለት ዙር አለው። ሴት ተማሪዎቼ በተለይ እዩት።

ለማስተርስ ሁለቱን ልንገራችሁ። ካርኔጊ ሜለን አፍሪካ ኪጋሊ ነው ያለው፤ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ሙሉ ድጋፍ የሚማሩ ብዙ አፍሪካውያን አሉበት። ኢራስመስ ሙንዱስ ሁለትና ከዚያ በላይ አገር እየተዘዋወሩ የሚማሩበት ነው። ስኮላርሺፑን ላገኘ በወር 1,400 ዩሮ አለው። አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ይቀበላሉ። አራተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ ልትመረቁ ስትሉም የሚቀበሉ አሉ። እዚሁ አገር መቀጠል የምትፈልጉ ደግሞ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን፣ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ስኮላርሺፕ አስገባልሃለሁ ብሎ በቴሌብር ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ሸሹ። እውነተኛ ስኮላርሺፕ በደላላ አይገኝም። ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን ማስታወቂያ ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ገጽ ላይ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ሰነድ፣ ስም፣ ሰዓት

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ዕድል አምልጦኛል። የአባቴ ስም ውስጥ ጠበቅ የምትል «ሰ» አለች። ፍሬሽማን ስገባ ፎርሙ ላይ በእንግሊዝኛ ስሞላ በአንድ ኤስ ጻፍኩ። ፓስፖርት ሳወጣ በሁለት ኤስ ጻፍኩ። ስድስት ዓመት አላስተዋልኩም። የሰነዶቹ ባለቤት አንድ ሰው መሆኗን አረጋግጪ ሲሉኝ የቀረኝ አራት ቀን ነበር። አልደረሰም። ለሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም።

ስለዚህ ዛሬ፣ ይህን እንዳነበባችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁን፣ የተማሪ መታወቂያችሁን፣ ፋይዳችሁንና ፓስፖርታችሁን አንድ ላይ ደርድሩ። ስማችሁን ፊደል በፊደል አወዳድሩ። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ ልብ በሉ። የልደት ቀናችሁ በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ። ልዩነት ካለ ሁለተኛ ዓመት ላይ አስተካክሉ። አራተኛ ዓመት ላይ ሁሉም ሰው ሬጅስትራር መስኮት ላይ ነው።

ስቱደንት ኮፒ እና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ይለያያሉ። ስቱደንት ኮፒ በእጃችሁ ይሰጣል። ኦፊሺያሉ ታሽጎ ከተቋም ወደ ተቋም ነው የሚሄደው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተማረ ሰው በአብዛኛው የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ጉዳይ ሳይጠናቀቅ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት አይወጣም። አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ገንዘቡንም አስቡበት። ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤም ከሬጅስትራር አውጡ። አንዳንድ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ፈተና ፋንታ ይቀበሉታል፤ የፈተናውን ዶላር ያድንላችኋል።

ስካን ሲደረግ በስልክ ካሜራ አታንሱ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሂዱና በደንብ በፒዲኤፍ አስደርጉ። ፋይሉን «ስካን 1» ብላችሁ አታስቀምጡ፤ ስማችሁንና የሰነዱን ዓይነት ጻፉበት። ፍላሽ ላይ ብቻ አይቅር። ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩት።

ሰዓቱን ደግሞ ተጠንቀቁ። ማመልከቻው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት «23፡59 ዩቲሲ» ካለ በእኛ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። «ኤኦኢ» (ቀኑ በምድር ላይ የትም እስኪያልቅ ማለት ነው) ከሚል ጋር ከሆነ ግን በማግስቱ ከቀኑ 8፡59 ነው። ሁለቱም 8፡59 ስለሆኑ ተማሪዎቼ ሲምታታባቸው አይቻለሁ፤ በመካከላቸው 12 ሰዓት አለ። «የብራስልስ ሰዓት» ካለ በክረምታቸው ከሌሊቱ 7፡59 ነው። የቀን መቁጠሪያውንም እንዲሁ፤ ጃንዋሪ 15 በአብዛኛው ጥር 7 ነው። ገናና ጥምቀት መካከል ላይ ይወድቃል። ቢሮዎች ይዘጋሉ፣ ፈራሚው አገር ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ከሬጅስትራር የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ኅዳር ላይ እጃችሁ ይግባ።

ኤግዚት

ኤግዚት ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ነው። ማለፊያው 50 ነው፣ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ ዳታቤዝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ሴኩሪቲ፣ ኦቶማታ፣ ኮምፓይለር፣ ኤአይ ሁሉም አሉበት። ከፍርሃት በቀር አዲስ ነገር የለውም፤ የተማራችሁት ነው። ችግሩ ከመመረቂያ ፕሮጀክት ጋር በአንድ ሴሚስተር መግጠሙ ነው። ፕሮጀክታችሁን አንደኛ ሴሚስተር ላይ ግማሽ አድርሱት። አራት ልጆች ሆናችሁ ኮርሶቹን ተከፋፈሉና ለእርስ በርሳችሁ አስተምሩ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ ከ2014 ወዲህ አራት ኪሎ ላይ የማጥኛ ቦታ አጣን ማለት ቀርቷል። በጠዋት ሂዱ።

ወደ አድቫይዘሩ ልመለስ። የእኔ የቢሮ ሰዓት ማክሰኞና ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር ነው፤ በሬ ላይ ተለጥፏል። የእናንተ አድቫይዘር በር ላይ ምንም ካልተለጠፈ፣ ወይም ማን እንደሆነ ራሱ ካላወቃችሁ፣ የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ጠይቁ። ሰላምታ አስቀድሙ። ማን የማን አድቫይዘር እንደሆነ፣ የትኛው ፎርም የት እንዳለ፣ ፈራሚው ስንት ሰዓት እንደሚገባ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።